እማማ ዘይነባ ውሃውን ለምን ደፉ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ባለቤቴ አታውቀውም። ስጸልይ እንኳ "ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም በደሌን" እያልኩ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ያላወቅሁት በደል አይደለም። አውቄ ነው የሠራሁት። እኔ ባደግሁበት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለአምላኩ ይናገራል። ይህ ትምህርት እንደ እኔ ላለ ፈሪ ይመቻል። አምላክ ቀድሞውኑ የሚያውቀውን ለእርሱ መናገር ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ለሰው መናገር ነው። ስለዚህ እርስዎን፣ የማያውቁኝን አንባቢ፣ በንስሐ አባት ወንበር አስቀምጬ እናገራለሁ። ይፍቱኝ ግን አልልዎትም።

ያናገረኝ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር ነው። እዚህ ጭሮ ውስጥ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ስለ ብቸኝነት እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው አዛውንቶች በዝተዋል፣ ወጣቱም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀርቷል፣ ኅብረተሰቡ ምን ያድርግ? ርዕሱ ይህ ነበር። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ። አንደኛ፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አዛውንቶችን በየቤታቸው ይጎብኙ አልኩ። ሁለተኛ፣ አዛውንቶች ከሰዓት በኋላ የሚሰባሰቡበት ክፍል ይዘጋጅ አልኩ። ሦስተኛና አራተኛም ነበረኝ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ሸሚዜም ተተኩሶ ነበር። አጨበጨቡልኝ። ያን ጭብጨባ ሳስታውስ እስካሁን እናደዳለሁ። ያጨበጨቡለት ሰው አንዲት ሴትን በገዛ እጁ ብቻዋን ያስቀረ ሰው ነውና።

ነገሩ የሆነው ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። የመሰላ ወረዳ ልጅ ነኝ፤ ኮሌጅ ጨርሼ ጭሮ ስመደብ ከአስፋልቱ በላይ ባለው ዳገታማ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ በሰፈሩ የግቢ ቧንቧ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። ሁሉም ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ጀሪካኑ ወረፋ ይይዛል፣ ባለቤቱ ከቦኖው አጠገብ ባለው የድጋፍ ግንብ ላይ ተቀምጦ ያወራል። እያንዳንዱ ጀሪካን ምልክት አለው፤ አንዱ ቀይ ክር፣ አንዱ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስቀል፣ አንዱ የተሰበረ እጀታ። ውሃው ሲዘገይ ግንቡ ላይ ልጅ ይዳራል፣ ሰው ይታማል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የታረቀም ይጣላል። ኦሮምኛውና አማርኛው ተደባልቆ ከሩቅ ሲሰማ ገበያ ይመስላል። የአንዱ ጀሪካን ከሰልፉ ከጠፋ "ምን ሆኖ ነው?" ይባላል፤ አንድ ሰው ተነስቶ በሩን ሊያንኳኳ ይሄዳል። ይህን ማንም አላቀደውም። ማንም ለዚህ ሥራ አልተመረጠም።

እማማ ዘይነባን ያወቅኳቸው እዚያ ግንብ ላይ ነው። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ከስልጤ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። የሱቃቸው ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረ ይባላል፤ ክንድ ጨርቅ መግዛት የማይችለውም ተቀምጦበት ሲያወራ ይውል ነበር። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሱቁ ለሌላ ነጋዴ አለፈ፣ አግዳሚውም ከሱቁ ጋር ሄደ። አንዲት ልጃቸው ሂርና ከተማ አግብታ የራሷን ሱቅ ትጠብቃለች። እማማ ጥሩ ቤት ነበራቸው። ልጃቸው የሚያስፈልጋቸውን ትልክላቸዋለች። ሰፈሩ ስለ እርሳቸው ሲያወራ "ምንም አልጎደለባቸውም" ይል ነበር፤ እኔም ይህን ቃል ደጋግሜ ብየዋለሁ። ጀሪካናቸው ላይ ከሱቁ የተረፈ አረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ታስሮ ነበር። ወረፋው ሲረዝም ሌላው ሰው ሲማረር እርሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጡ ነበር። ያን አይቼ ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ዘገየ። ውሃ በየቀኑ መምጣቱ ቀረና ሲመጣም ቶሎ ይሄድ ጀመር። ግንቡ ላይ ያለው ጨዋታ ወደ ስድብ ተለወጠ፤ ሁለት ሴቶች በጀሪካን ተማቱ። እኔ ደግሞ ሥርዓት የሌለበት ነገር ሳይ እጄን የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። የቦኖው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ጀማል የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ እርሳቸው ዘንድ ሄጄ ሰፈሩን በየመደዳው ከፍለን ለእያንዳንዱ መደዳ የራሱን ሰዓት እንስጥ አልኳቸው። ሰው በሰዓቱ መጥቶ፣ ቀድቶ ይሄዳል፤ ወረፋ የለም፣ ጠብም የለም። አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ያ ጭማሪ ያኮራኝ ነበር። አዛውንቶች ከሁሉም በፊት፣ ማለዳ፣ ሳይጠብቁ ይቅዱ አልኩ። ኦቦ ጀማል መረቁኝ። ሰፈሩ "የተማረ ይግደለኝ" አለ። ሌሎቹ አዛውንቶች የሚልኩት የልጅ ልጅ ወይም ጎረምሳ ነበራቸው። በአካል የሚመጡት እማማ ዘይነባ ብቻ ነበሩ።

ሥርዓቱ በተጀመረ ማግስት እማማ ቤቴ ድረስ መጥተው ከሰዓት በኋላ ከሚቀዱት ጋር እንዳደርጋቸው ጠየቁኝ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ብለው ይለፋሉ፣ ይህ እኮ ለእርስዎ ክብር ተብሎ የተሠራ ነው አልኩ፤ ከዚያ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የሚጠይቀኝን ሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ዛሬ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን መስማት አላውቅም። የማውቀው ማስረዳት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ ተነሳ። አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን ማለዳ ተቀድቶ ሄዶ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ተመልሶ ይታያል። ለብቻዋ ለምትኖር ሴት ይህ ሁሉ ውሃ ምን ያደርግላታል? ትሸጣለች ተባለ። የቦኖው ጠባቂ ፈቲያ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት፤ እኔን በኦሮምኛ "በርሲሳ" ነው የምትለኝ፣ መምህር ማለቷ ነው። በሰዉ ፊት አስቁማኝ፣ "በርሲሳ፣ ይኼ ተራህ ቀዳዳ አለው እንዴ? ማለዳ ያሳለፋቸውን እማማን ከሰዓት መልሶ ያመጣቸዋል" አለችኝ። ሳቁብኝ። እኔ ሲሳቅብኝ አልወድም።

በዚያው ዕለት ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። የፊት በሩ ክፍት ነበር፤ ማንም አልመለሰልኝምና ወደ ጓሮ ዞርኩ። እማማ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ማለዳ የቀዱትን ጀሪካን አጥሩ ሥር እያፈሰሱ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበርና ውሃው ወዲያው ሰመጠ። የተተከለ ነገር የለም። የሚታጠብ ነገርም የለም። ዝም ብለው እየደፉ ነው። ቀና ሲሉ አዩኝ። አልደነገጡም፤ ጀሪካኑን አራግፈው አቆሙት።

"ያየኸውን አየህ፣ ልጄ" አሉኝ። "ወላሂ፣ ለውሃው አይደለም የምመጣው። ማለዳ ያለችው ፈቲያ ብቻ ናት፣ እሷም እንቅልፏን አልጨረሰችም። አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩም ሰላም፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ነገ አፌን የምከፍተው ለሶላት ብቻ ነው።"

ታዲያ ሳይደፉ ዝም ብለው መጥተው ቢቀመጡስ አልኳቸው። እንደ ሕፃን አዩኝ።

"ሙሉ ጀሪካን ያላት ሴት ቦኖ ላይ ምን ትሠራለች? ሰው ይስቅብኛል። ጀሪካኑ ባዶ መሆን አለበት።" ከዚያ እጄን ያዙ። "ለማንም አትንገር፣ አደራ። እናቷን ጥላ ሄደች ብለው ልጄን ያሙብኛል።"

እሺ አልኳቸው። አፌን ሞልቼ እሺ አልኩ።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ፤ የመጣሁት ለዚህ ነው። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። በዚያች ሰዓት በጭሮ ሁሉ እማማ ዘይነባ ውሃ የሚደፉት ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። መፍትሔውም በእጄ ነበር። ኮሚቴው ተራ የሚያስከብር፣ ሰዓት ያለፈበትን የሚመልስ፣ የቀረውን የሚጠራ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ያን ሥራ ለጊዜው ብዬ የያዝኩት እኔው ነኝ። እማማ የሰፈሩን ጀሪካን ሁሉ በምልክቱ ያውቁታል። "ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ተራ ያስከብሩልን" ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ሙሉ ጀሪካናቸውን ቤታቸው ትተው ይመጡ ነበር። ግንቡ ላይ ለመቀመጥ ሰበብ ያገኙ ነበር። ከአፌ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለገው። ያን ሁሉ ቃል ያለኝ ሰው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምን አጣሁ? አላጣሁም። የተራ አስከባሪነቱን ወንበር ወድጄው ነበር። ሰው "መምህር፣ የኛ ሰዓት ደረሰ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ እኔም እንግዳ ሰው ነበርኩ፤ ለካ እኔም ሰው ናፍቆኝ ነበር። ይህ ግን ማስተባበያ አይሆነኝም። እንዲያውም ጥፋቴን ያከብደዋል፤ ረሃቡን እያወቅሁት ነው እንጀራውን ለብቻዬ የያዝኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከሰዓቱ ቀድሞ እየመጣ ስለሚጠብቅ፣ ቦኖው ሞልቶ ነበር። እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን ከሰልፉ አቁመው ግንቡ ጥግ ተቀምጠዋል። ፈቲያ ጀመረችኝ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሥርዓቱ ለዘመድ ነው አለ አንዱ። መምህሩ ከሻጯ ጋር ይካፈላል አለ ሌላው፤ እየሳቀ ነበር፣ ነገር ግን ማንም አላስቆመውም። የተነካው ሥርዓቴ ነበር፣ ስሜ ነበር። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው አድርጌ፣ እንዲህ አልኩ፦

"እማማ ዘይነባ ውሃ አይሸጡም። ይደፉታል። ጓሯቸው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ጡት የምታጠባ አንዲት ሴት ነበረች፤ ያን ሰሞን ውሃ ፍለጋ ወንዝ ወርዳ ባዶዋን የተመለሰች። እማማን አየቻቸው፤ አስተያየቷን አልረሳውም። ኦቦ ጀማል ቀስ ብለው፣ "ዘይነባ፣ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁ።

እማማ ግን እኔን አዩኝ። የቀረውን እንድናገር ጠበቁኝ። ውሸት አልተናገርኩም ነበር፤ ቃል በቃል እውነት ነበር፣ ግማሹ። ግማሹ እውነት በእኔ አፍ ወጣ፣ ግማሹ በእኔ ሆድ ቀረ። አደራ ስላሉኝ ነው ምክንያቱን ያልተናገርኩት ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ይህ ከውሸት ሁሉ የከፋ ውሸት ነው። አደራ ያሉኝ ምንም እንዳልናገር ነበር። እኔ ግን አደራውን ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ እኔን የሚያድነውን ቁራጭ አወጣሁ፣ እርሳቸውን የሚያድነውን ቁራጭ ደበቅሁ።

"እውነት ነው" አሉ እማማ። ተነሱ። ጀሪካናቸውን ከሰልፉ መዘው፣ ባዶውን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። ማንም አልተከተላቸውም። ማንም አልሰደባቸውም። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር፤ የሚሰድብ ሰው ቢያንስ ያናግራል።

አልበቃኝም። ኮሚቴው ምን እናድርጋቸው ብሎ ሲመክር፣ ተነስቼ ውሃ እቤታቸው ድረስ ይወሰድላቸው አልኩ። ቦኖ እንዳይደርሱ መከልከሌ ነበር፤ ስሙን ግን ርኅራኄ አልኩት። ደካማ ናቸው፣ አይድከሙ አልኩ። ሁሉም "ደግ ልጅ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሸካሚ ሙሉውን ጀሪካን ደጃፋቸው ያስቀምጣል፣ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ መጀመሪያ በር ከፍተው ያመሰግኑት ነበር ይባላል። በኋላ ባዶውን ማታ ደጅ አውጥተው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በሩ መከፈቱ ቀረ። ውሃ ነበራቸው። ምግብ ነበራቸው። ምንም አልጎደለባቸውም።

ዝናብ መጣ፣ ውሃም በዛ፣ ሥርዓቴም ሳይሻር ተረሳ። ሰው እንደ ድሮው ግንቡ ላይ መቀመጥ ጀመረ። እማማ ግን አልተመለሱም። በበራቸው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ልጃቸው መጥታ ወደ ሂርና ወሰደቻቸው። አንድ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሂርና ከሚኒባስ ወረድኩ። የልጃቸው ሱቅ መንገዱ ዳር ነው። እማማ ዘይነባ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እየጮሁ ያልፋሉ፤ ሚኒባሶች ቆመው ሰው ያወርዳሉ፣ ይጭናሉ። በወረደው ሰው ሁሉ ፊት ላይ ዓይናቸው ያርፍና ይመለሳል። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የቀረኝ። አልተሻገርኩም። በሚቀጥለው መኪና ወደ ጭሮ ተመለስኩ። ከዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

አሁን ሰፈሩ ቧንቧ ገብቶለታል። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ውሃ አለው፣ ቦኖው ደርቆ ግንቡ ላይ የሸቀጥ ኪዮስክ ተሠርቶበታል። ወረፋው ይመለስ አልልም፤ የሴቶችን ጀርባ የሰበረ ነገር ነው። ነገር ግን ያን ግንብ ስንተወው በምን ተካነው ብሎ የጠየቀ ማን ነው? እኔ ነኝ? ስብሰባው ላይ "አዛውንቶችን እንጎብኝ" አልኩ። እማማ ዘይነባ ጉብኝት አልጠየቁም። ሰዎች የሚጎበኙት ሰው እንደ ታማሚ ነው። እርሳቸው የፈለጉት ከሰው መሀል የሚያስቀምጣቸው ሥራ ነበር፣ ከሰልፍ ሲጠፉ የሚፈልጋቸው ሰው ነበር። ብቸኛ ሰው "ብቸኛ ነኝ" ብሎ አይመጣም፤ ያሳፍራል። ባዶ ጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ደግሞ ጀሪካኑን ሞልተን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን፣ ከዚያ እጃችንን እናጨበጭባለን። አዛውንቱን እናከብራለን እያልን ከፊት እናስቀድማለን፣ ከፊት ግን ማንም የለም። ለዚህ ነው የምናደደው። በራሴ እናደዳለሁ፣ በዚያ አዳራሽም እናደዳለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እስካሁን የሸሸሁት እርሱን ነው። በዚያ ሰፈር ዛሬ አንዲት ልጅ ቧንቧ ከፍታ ብትረሳ እናቷ "ዘይነባ አትሁኚ" ትላታለች። የእማማ ስም የአባካኝ ስም ሆኖ ቀርቷል። ትንንሾቹ ዘይነባ ማን እንደነበረች እንኳ አያውቁም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ጓደኛውን እንዲህ ሲል ሰማሁት። ስለ ኃላፊነት እያስተማርኩ ነበር። ሰማሁ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ መጻፌን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሳምንት፣ ስብሰባው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ፈቲያ በሕዝቡ መሀል ወደ እኔ መጣች። አርጅታለች፤ ምላሷም ለስልሷል። ጥሩ ተናገርክ አለችኝ። ከዚያ፣ "በርሲሳ፣ አንተ ስትናገር እማማ ዘይነባ ትዝ አሉኝ። ያን ውሃ ለምን ይደፉት እንደነበር ሳስብ እኖራለሁ። ነግረውህ ያውቃሉ?" አለች።

ከፊቴ ያቺው ሴት ቆማለች፤ ያን ዕለት በቦኖው ዙሪያ ከነበሩት ብዙዎቹ በዚያው አዳራሽ በር እየወጡ ነው። ልጃቸው እንዳትታማ ነበር አደራቸው፤ የታሙት ግን እርሳቸው ናቸው፣ ያሳማኋቸውም እኔ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የቀረኝ፣ ያችው ያን ጊዜ የቀረችው።

"አላውቅም" አልኳት።

አውቃለሁ፣ ፈቲያ። የደፉት አንቺን ለማግኘት ነው። ኦቦ ጀማልን፣ የምታጠባዋን ሴት፣ ግንቡ ላይ የሚሳደበውን ሁሉ ለማግኘት ነው። ያባከኑት እርሳቸው አይደሉም፤ የባከኑት እርሳቸው ናቸው፣ ያባከንኳቸውም እኔ ነኝ። ከአሁን በኋላ በዚያ ሰፈር ልጅ ውሃ ሲያፈስ ስም መጥራት ካስፈለገ፣ የእኔን፣ የበርሲሳን ስም ጥሩ።